ጉልቻ ሲለወጥ፤ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ ምድጃ ታሪክ
በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ወንድና ሴት ተጋብተው የራሳቸውን ቤት ሲያቆሙ «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» ይባላል። ቤቱ በግድግዳው ወይም በጣራው ሳይሆን በምድጃው ድንጋይ መጠራቱ፣ የኑሮ መሠረት ተብሎ የሚገመተው የቱ እንደ ሆነ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ይተርታል። ተረቱ ይበልጡን ስለ ሹም ሽር የሚነገር ቢሆንም፣ ቃሉ እንዳለ ሲወሰድ የምድጃ ታሪክ አይደግፈውም። የእሳቱ አያያዝ ከጫካው፣ ከከተማውና ከባልቴቲቱ ጤና ጋር ተሳስሮ ኖሯልና።

ሦስቱ ጉልቻ ገንዘብ አያስወጣም። ቁመታቸው የተቀራረበ ሦስት ድንጋዮች ተመርጠው በሦስት ማዕዘን ይተከላሉ፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይም ሳይወላወል ስለሚቆም አራተኛ አያስፈልግም። ለእንጀራ ሰፊው የሸክላ ምጣድ፣ ለወጥ ድስቱ በዚያው ላይ ይጣዳል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ነፋስ ስለሚገባ ነበልባሉ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ከምጣዱም የሚደርሰው ከሙቀቱ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህ ብክነት በአንድ ጎጆ ውስጥ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በነገሥታት ሰፈር ሲበዛ ግን የታሪክ ምክንያት ሆኗል። ቀድሞ ቤተ መንግሥቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወር ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ በዙሪያው ያለው እንጨት ማለቁ ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በማገዶ እጦት የተነሣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ርቀው አዲስ ዓለምን ለዋና ከተማነት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኾኖም ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ፣ ፈጥኖ የሚያድግና ከተቈረጠም በኋላ የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ፣ አዲስ አበባን ከመነቀል ካዳኗት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ። እንግዲህ መድኃኒቱ የተፈለገው ማገዶውን በማብዛት እንጂ ምድጃውን በማሻሻል አልነበረም። የዚህም ዋጋ ከእንጦጦ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱት ሴቶች ጀርባ ላይ ሲከፈል ኖረ።

እሳትን ማጠር ግን በአገሩ ያልታወቀ ጥበብ አልነበረም። በትግራይና በኤርትራ ሞጎጎ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ ዙሪያው የተዘጋ ሲሆን፣ ለማገዶ ማግቢያ አፍ ይተውለታል። ወጪው የሠሪዋ ጉልበት ብቻ ነው። እንጨት በተመናመነበት በሰሜኑ ደጋ ይህ ልማድ መጽናቱ አጋጣሚ አይመስልም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ባለሞያዎች ያዘጋጁት «ምርጥ ምድጃ» ይህንኑ ሐሳብ በአዲስ ጭቃ የደገመ ነው ማለት ይቻላል። ሲሚንቶ ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ስድስት ክፍልም ሆኖ ይወጣል። አራቱ ተጋጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ቅጥር ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው በሚወጣው ትኩስ ጭስ ላይ ድስት ይጣድባቸዋል። ማገዶውን ከሦስቱ ጉልቻ ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቀንስ በፈተና ታይቷል።

ቢሆንም በጉልቻ የኖሩትን አላዋቂዎች ናቸው ብሎ መንቀፍ አይገባም። ክፍቱ እሳት ማታ መብራት፣ በክረምት ሙቀት ነበር፤ ጭሱም የሣሩን ጣራ ከተባይ ይጠብቅ ነበር። ቆርቆሮና ኤሌክትሪክ በገቡበት ቤት ግን ከእነዚህ ጥቅሞች አብዛኞቹ ቀርተው ጭሱ ተረፈ፤ እርሱም የምትጋግረውን ሴትና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

ወጡ በእርግጥ በጉልቻ አይጣፍጥ ይሆናል። ተረቱ ግን የወጡን ጣዕም ተመለከተ እንጂ ወጥ ሠሪዋን አልጠየቀም።