ጸሐፊዋ ጥንቸል

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከተሰበሰቡት ቅርሶች መካከል ቁመቱ 21.5 ሳንቲሜትር ብቻ የሆነ፣ መደቡ የወተት መልክ ያለው፣ አፉና መቀመጫው በቀይ ቀለም የተከበበ አንድ የሸክላ ጽዋ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ670 እስከ 750 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ የሸክላ መንኮራኩር የማያውቁት የመካከለኛው አሜሪካ ማያዎች በእጃቸው ብቻ አበጅተውታል።

በዙሪያው በቀጭን ጥቁር መስመር በተሣለው ታሪክ፣ ሊቃውንት በላቲን ፊደል «ኤል» ብለው የሰየሙት የሲኦል አምላክ፣ ጥርሱ የረገፈ አረጋዊ ሲሆን፣ ጉጉት ያለበትን ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ በዙፋኑ ተቀምጧል፤ አምስት ወይዛዝርትም ከብበውት ለአንዲቱ በእጇ አንጓ ላይ አምባር ያስርላታል። ሌላዪቱ ቆማ የካካዎ መጠጥ አረፋ እንዲያወጣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጣለች። በጽዋው ማዶ ግን ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች መጥረቢያ አንሥተው የአንድ እስረኛ አንገት ይቀላሉ። ሽማግሌው ይህን ልብ አላለም፤ ልብ ያለችው ከወይዛዝርቱ አንዲቱ ናት፤ እርስዋም የባልንጀራዋን እግር ነካ አድርጋ ወደዚያ እንድትመለከት ትጠቁማታለች። ሠዓሊው ይህችን ቅንጣት ምልክት በከንቱ አላኖራትም፤ ጠጪው ነገሩን ለመከታተል ጽዋውን በእጁ ማዞር ግድ ይሆንበታልና። እኔ ከሥዕሉ ሁሉ ይህችን አስበልጣለሁ።

ከዙፋኑ ሥር ደግሞ አንዲት ጥንቸል ብርዕ ጨብጣ፣ በጃጓር ቆዳ በተለበጠ መጽሐፍ ላይ ትጽፋለች። ማያዎች እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ነበሯቸው፤ ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1562 ዓ.ም. የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ በዩካታን፣ በማኒ ከተማ፣ የአጋንንት ሥራ ናቸው ብሎ ብዙዎቹን በእሳት አስፈጃቸው፤ እስከ ዘመናችን የደረሱት አራት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ከዚህ ጽዋ በብዙ መቶ ዓመታት የሚያንሱ ናቸው። ስለዚህ የዚያን ዘመን የመጽሐፍ አሣሣል ስልት የምናጠናው ከብራና ወይም ከወረቀት ሳይሆን ከመጠጫ ዕቃ ነው፤ ይህን መሰል ሸክላዎች «የመጽሐፍ ስልት» መባላቸውም ስለዚህ ነው።

በአፉ ዙሪያ የተጻፈው ጽሕፈት ዕቃው የካካዎ መጠጫ እንደሆነና ባለቤቱም ሙዋን ኩክ የተባለ መስፍን እንደነበረ ይመሰክራል። ሙዚየሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የገዛው ይህ ጽዋ በአርኪኦሎጂ ሊቃውንት ቁፋሮ የወጣ አይደለም፤ የስልቱ ዘመዶች የተሠሩበት ጭቃ ተመርምሮ በሰሜን ጓቴማላ ወደሚገኘው ወደ ናክቤ አካባቢ ቢመራንም፣ ጽዋውን ከምድር ያወጣው እጅ ቦታውን አልመዘገበምና መስፍኑን ከነስሙ ከስፍራው ለይቶታል።