ሠሪው ሻጭ የሆነበት ገበያ

ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ከፍ ብሎ በሚታየው በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ሴቶች በፈተሉት ጥጥ ወንዶች እግራቸውን ወደ መሸመኛው ጉድጓድ አውርደው ድሩን ከማጉ እያዋሐዱ የሚሠሩት ሸማ ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ስለዚህ ሙያ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ጥለቱ ውበት እንጂ ስለ አሻሻጡ ብልሃት አይደለም። ሸማኔው ግን ሠሪም ሻጭም ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሲሰፍር፣ አስቀድሞ የመጣ ዘመዱ ማደሪያና ደንበኛ እያሳየው፣ ሀብቱ ጉልበቱና ወገኑ ብቻ ሆኖ ገበያውን አቀና። ይህን ማንሣቴ፣ ገንዘብ የሌለው ፊልም ሠሪ ያለፈበት መንገድ ከዚህ እጅግም የማይርቅ ስለ ሆነ ነው።

ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው (የዛሬ ማስታወቂያ ሠሪ ብዙ ብር ተከፍሎት እንኳ ከዚህ ይልቅ ሰው የሚጠራ ስም ማውጣቱን እጠራጠራለሁ)። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው»፣ ከዚያም የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ለሕዝብ ሲታዩ፣ ጥሬ ፊልሙም እጥበቱም ቅጂውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ አዳራሹም በጥቂቶች እጅ ያለ ስለ ነበረ፣ ሠሪው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የባለ አዳራሹን ደጅ መጥናት ዕጣ ፈንታው ሆነ።

ከዚህ ደጅ ጥናት ለማምለጥ የተደረገው ሙከራ ከኢንተርኔት በብዙ ይቀድማል። ኦስካር ሚሾ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ገበሬ፣ የጻፈውን ልቦለድ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ከዚያው መጽሐፍ በኵር ፊልሙን «ዘ ሆምስቴደር»ን ሲያወጣ ወጪውን ለገበሬዎች አክሲዮን በመሸጥ ሰበሰበ፤ ቅጂውንም ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ የሲኒማ ባለቤቶችን ያግባባ ነበር። የጎንደሩ ተወላጅ ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማም በጋና፣ በጃማይካና በአሜሪካ የቀረጸውን «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል ካሳየ በኋላ ከአሜሪካ አከፋፋዮች አንድ እንኳ ተቀባይ ባጣ ጊዜ፣ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ፣ ወሬውን ለጥቁሩ ማኅበረሰብ አፍ አደራ ሰጥቶ፣ ፊልሙን በራሱ እጅ አቀረበ፤ አዳራሹም ለሳምንታት ሞላ። ከዚያ በየከተማው እንዲሁ እያደረገ ቀጠለ፤ በኋላም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የመጻሕፍትና የቪዲዮ ሱቅ ከፈተ። በእኔ ግምት የዚህ ሰው ትልቁ ብልሃት ፊልሙ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቁ ነው።

በአገር ቤት ዲጂታል ካሜራ ወጪውን ቢያቃልልም፣ ቪሲዲው ሌላ መከራ አመጣ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢታወጅም ሕገ ወጡ ቅጂ በየመንገዱ ይሸጥ ነበርና፣ ብዙ ባለ ፊልሞች ሥራቸውን ከሲኒማ ቤት ውጭ ማውጣትን ፈሩ።

ከቪሲዲው ቀጥሎ የመጣው ኢንተርኔት ያለ ወጪ ምን ያህል ሊያዳርስ እንደሚችል የጋሞ ከተማ አርባ ምንጭ ራሷ አይታለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው እንደ ለመኗቸውና እንደ መለሷቸው የሚያሳየው ምስል፣ ማንም የማስታወቂያ ገንዘብ ሳያወጣበት፣ በፌስቡክ አገሪቱን አዳረሰ። መዳረስና መሸጥ ግን ለየቅል ናቸው። ዩቲዩብ ተመልካችን ቢያበዛም ዋጋውን የሚከፍለው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው፤ በነፃ የተለቀቀን ፊልም ተመልሶ የሚገዛም ጥቂት ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ግን በአዲስ አበባ ያለ የጋሞ ተወላጅ ለአርባ ምንጭ ልጅ ፊልም የመግቢያውን ዋጋ ከስልኩ እንዲልክ አስችሎታል፤ ስለዚህ ከጫሞ ዳርቻ የሚወጣ ፊልም አስቀድሞ ለሚያውቁት ወገኖቹ በክፍያ ቢቀርብ፣ በነፃ የሚለቀቅበትም ቀን እስኪደርስ ቢዘገይ፣ መብቱም ለአንድ ጊዜ ገንዘብ ተብሎ ለባለ ቻናል ባይሸጥ እመርጣለሁ። «ሳንኮፋ» በመስከረም 2014 ዓ.ም. ታድሶ በአሜሪካዊቷ ፊልም ሠሪ በአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት በአሬይ አማካይነት ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ፣ ኃይሌ ከ28 ዓመት በኋላ የሚዋዋልበት ነገር ያገኘው መብቱ ከእጁ ስላልወጣ ነው።