ቀንና ሌሊት በራዲዮ ሞገድ ላይ ያላቸው ልዩነት እንዴት እንደ ታወቀ

የራዲዮ ታሪክ በተነገረ ቍጥር በመጀመሪያ የሚነሣው ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ቀን ጉልዬልሞ ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ፣ ሲግናል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ሆኖ፣ ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከውን የሞርስ ፊደል «ኤስ» ሰማሁ አለ። በመካከሉ ያለው ውቅያኖስ ከ2000 ማይል ይበልጣል። ነገር ግን ምስክሮቹ የእርሱና የረዳቱ የኬምፕ ጆሮዎች ብቻ ነበሩ፤ በወረቀት የተመዘገበ ምልክት አልነበረም።

ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ 1902 ማርኮኒ «ፊላደልፊያ» በምትባል መርከብ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ፣ ከዚያው ከፖልዱ የሚመጣውን ምልክት መሣሪያው በወረቀት ጥብጣብ ላይ እንዲጽፈው አደረገ፤ የመርከቧም ካፒቴን ፈረመበት። በሌሊት ሙሉው መልእክት እስከ 1551 ማይል ድረስ ይነበብ ነበር፤ «ኤስ» ብቻዋን ደግሞ እስከ 2099 ማይል ደረሰች። በቀን ግን ከ700 ማይል ያህል ወዲያ ምንም አልተገኘም። ማርኮኒ ልዩነቱን ሳይደብቅ በዚያው ዓመት ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት ግን የፀሐይ ብርሃን የመላኪያውን ሽቦ ኤሌክትሪክ ያባክናል የሚል ነበር። ሰበቡን ከመላኪያው ላይ ፈለገ እንጂ ከሰማይ አልፈለገም።

በዚያው በ1902 ኬኔሊ በአሜሪካ፣ ሄቪሳይድ በእንግሊዝ፣ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፣ በላይኛው አየር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንጣፍ አለ ብለው ገመቱ። ግምቱ በሙከራ የተረጋገጠው በዲሴምበር 1924 ነው። አፕልተንና ባርኔት የቦርንማውዝን የቢቢሲ ጣቢያ ሞገድ ቀስ በቀስ እያስለወጡ፣ ኦክስፎርድ ላይ የሚደርሰው ምልክት ስንት ጊዜ እንደሚጠነክርና እንደሚደክም ቈጠሩ፤ ከዚህም የንጣፉን ከፍታ አሰሉ። ሥራው የተሠራው የዕለቱ ስርጭት ካበቃ በኋላ፣ በሌሊት ነበር።

የቀኑ ችግር ከዚህ ንጣፍ በታች ነው። የፀሐይ ጨረር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው አየር ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ይለያል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከበላዩ ካለው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ሞገዱ የሚያወዛውዛቸው ኤሌክትሮኖች ከአየሩ ቅንጣቶች ጋር እየተጋጩ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ፀሐይ ስትጠልቅ እነዚህ ፈጥነው ይጠፋሉ፤ የበላዩ ንጣፍ ግን ቢሳሳም ይቈያል፤ ሞገዱንም ወደ ምድር ይመልሳል። በመካከለኛ ሞገድ የሩቅ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው ማታን የሚጠብቀው ስለዚህ ነው።

ይህ ዕውቀት ግን ወደ ሲግናል ሂል ይመልሰናል። ማርኮኒ ሰማሁ ያለው በኒውፋውንድላንድ ልክ ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። በመርከቧ ላይ በቀን 700 ማይል ያህል ሲርቁ የጠፋው ምልክት፣ ያን ዕለት በብርሃን 2000 ማይል እንዴት ተሻገረ? አንዳንዶች የፖልዱ መላኪያ ከዋናው ሞገድ ጋር አጭር ሞገድም ይረጭ ነበር፤ ያልተቃኘው መቀበያ ያንን ይዞ ይሆናል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የ1901ዱን ቃል ከፊላደልፊያ ጥብጣብ እኩል አላስቀምጠውም።