የዋቢ ማውጫና የጓሳ ጥናት

ማንኛውም የሳይንስ ጽሑፍ የተመሠረተባቸውን ቀደምት ሥራዎች በዋቢነት ይዘረዝራል፤ የዋቢ ማውጫ የሚባለው የመረጃ ቋት ደግሞ ዝርዝሩን ገልብጦ፣ አንድ ሥራ ከታተመ በኋላ እነማን እንደጠቀሱት ያሳያል። አሠራሩ የተወለደው በሕግ ሙያ ሲሆን፣ ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1873 በኢሊኖይ ማሳተም የጀመረው መዝገብ አንድ ፍርድ በኋለኞቹ ችሎቶች መጽናቱን ወይም መሻሩን ለጠበቆች ያመለክት ነበር። ዩጂን ጋርፊልድ ይህንኑ መንገድ ለሳይንስ እንዲውል በ1955 ሐሳብ አቅርቦ፣ በ1964 ከ613 መጽሔቶች የተለቀሙ 1.4 ሚሊዮን ያህል ዋቢዎችን የያዘውን ማውጫ ለኅትመት አበቃ።

የማውጫው ቀዳሚ ዓላማ የአንድን ሐሳብ ጉዞ ተከትሎ ጽሑፍ መፈለግ ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ ምሁራንን መመዘኛ ሆነ። በ2004 ስኮፐስና ጉግል ስኮላር የተባሉት ቋቶች ከተጀመሩ በኋላ ቆጠራው ቀለለ፤ በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አስተዋወቀ፤ በዚህም መሠረት መለኪያው 10 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ሥራዎች አሉት ማለት ነው።

መለኪያው የሚይዘውንና የሚያመልጠውን ለመለየት በመንዝና ግሼ ደጋ የተካሄደው የጓሳ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለጎጆ ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚያጭደውን የጓሳ ሣር፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየከለሉና በጊዜው እየከፈቱ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሥርዓቱ የተዳከመው የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ነባሩን የርስት ይዞታ ሲያፈርስ ነው። ይህን ታሪክ ከቀይ ቀበሮ ጥበቃ ጋር አያይዘው ያጠኑት ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ የዶክትሬት ድርሳናቸውን በ2001 በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ካቀረቡ በኋላ፣ በ2005 ከናይጀል ሊደር-ዊሊያምስ ጋር ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደሩ ሂዩማን ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ አሳተሙ።

የዚህን ጥናት ተጽዕኖ የሚከታተል ሰው ከቁጥሩ በፊት ስሙን ማጥራት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የውጭው አመዘጋገብ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ ተመራማሪውን በአያታቸው ስም «አሸናፊ» ሲል ይመዘግባል፣ በኢትዮጵያ ልማድ የሚጽፍ ግን «ዘለዓለም»፣ ሌላውም «ተፈራ» ብሎ ሊጠቅሳቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ስም ይበተናል። ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ16 ቁምፊ መለያ ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት የታተሙት ሥራዎች በራሳቸው አይሰበሰቡም። በተጨማሪም የተመረጡ መጽሔቶችን ብቻ የሚለቅመው ቋት በአገር ውስጥ የቀሩ ሪፖርቶችንና በአማርኛ የተጻፉ ሥራዎችን በአብዛኛው ስለማያይ፣ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ጥናት ቁጥር ከእውነተኛ ድርሻው ሊያንስ ይችላል።

ስለሆነም ማውጫው የሚበጀው ጋርፊልድ መጀመሪያ ላሰበለት አገልግሎት ሲውል ነው፦ ተመራማሪው ስሞቹን አሰባስቦ፣ ጠቃሾቹን አንድ በአንድ ከፍቶ፣ የጓሳው ጥናት በማስረጃነት ቀርቦ እንደሆነ፣ ተነቅፎ እንደሆነ ወይም ለማሟያ ያህል ተጠርቶ እንደሆነ ሲያነብ፣ ድምሩ የማይለየውን ልዩነት ያገኛል። ቄሮን ያቋቋሙትና የጠበቁት አባቶች ግን በጸሐፊነት ስላልተመዘገቡ፣ የእነርሱ ድርሻ የሚታወቀው ጥናቱን ራሱን ለሚያነብ ብቻ ነው።