ለእንግዳ የተዋበ መንገድ፦ ከሸዋ ኬላ እስከ ኮሪደር ልማት

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሠርግ የደረሰበት ቤት ትመስል ነበር። ጥቅምት 23 ቀን ለሚውለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ መንገዱ ይደለደላል፤ የመብራት ምሰሶ ይተከላል፤ ሰልፉ በሚያልፍባቸው ቦታዎች ቅስት ይቆማል። በበዓሉ ዋዜማ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ አደባባይ የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ተመረቀ። ከእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ የግሎስተር መስፍን፣ ከኢጣሊያ የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ ሊገኙ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ ዳርና ዳር ደግሞ ረጅም አጥር ይታጠር ነበር። ከአጥሩ ጀርባ የሣር ጎጆዎች ነበሩ፤ አጥሩም የታጠረው እነሱ እንዳይታዩ ነው።

በዓሉን ከዘገቡት ፈረንጆች መካከል ኢቭሊን ዎ የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ ደራሲ በማግስቱ ዓመት ባወጣው የጉዞ መጽሐፍ ከተማዋን ሥራዋ ያላለቀ፣ ነገር ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት የሚጣደፍባት አድርጎ ሥሏታል። ዎ ፌዘኛ ነው። አበሻንም ሆነ የገዛ አገሩን ዲፕሎማት እኩል ይሸነቁጣል፤ ስለዚህ ቃሉን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። በሌላው ወገን የአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሰኔ 1931 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው እትም ለዚያው በዓል ሰፊ ቦታ ሰጥቶ በቀለም ፎቶግራፍ አድምቆታል። አንዱ ያልተጨረሰውን ሥራ ፈልጎ ያያል፤ ሌላው ካባውንና ዘውዱን። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ግን አንድ ነገር መገንዘቡ አይቀርም፤ ከተማዋ የተዘጋጀችው ለሁለቱም ዓይን ነበር። በየቀኑ በዚያው መንገድ እንጨትና ውኃ ተሸክሞ የሚመላለሰው ሰው በዝግጅቱ የተገኘው ወይ ሠራተኛ ሆኖ ነው፣ ወይ ከአጥሩ ኋላ።

ዛሬ የከተማ ምክር ቤቶች ስለ መንገድ ዳር ውበትና ስለ መግቢያ በር ምልክት ሲነጋገሩ ነገሩ አዲስ ይመስላል። በሸዋ ታሪክ ግን መግቢያ በር ሥልጣን ራሱን የሚያሳይበት ቦታ ከሆነ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን መቀመጫው ሲያደርግ፣ ዜና መዋዕሉ ስለ ግቢው አጥር፣ ስለ በሮቹና ስለ በር ጠባቂዎቹ መመዝገቡን አልዘነጋም። ማን በየትኛው በር ይገባል የሚለው ጥያቄ የክብር ሥርዓት ነበርና። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከመንዝ የተነሣው የነጋሢ ክርስቶስ ቤት ሸዋን እያሰፋ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፣ መቀመጫው ከመንዝ ደጋ ተነሥቶ ኋላ አንኮበር ደረሰ። የመንግሥቱም በር አብሮት ወረደ፤ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ነጋዴና መልእክተኛ ሸዋን የሚረግጠው በይፋት ቆላ በኩል ሆነ።

የዚያ ዘመን መግቢያ በር ኬላ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ የጠረፉን ኬላ የያዘው ወላስማ መሐመድ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ በር ወለል ብሎ አልተከፈተለትም። የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ፣ ሸክሙ እስኪታይ፣ ወሬው ወደ አንኮበር እስኪወጣ ጠበቀ፤ አልዩ አምባም እንደገና ቆየ። ሃሪስ በመጽሐፉ ይህን መጉላላት በምሬት ይተርከዋል። ከንጉሡ ወገን ላየው ሰው ግን ኬላው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ እንግዳው ንጉሡን ከማየቱ በፊት ንጉሡ እንግዳውን ዐውቆታል። ሃሪስ የመጣበት ውልም ቢሆን የተፈረመው ከወራት በኋላ፣ በኅዳር 1834 ነው።

እንግዲህ ከሣህለ ሥላሴ ኬላ እስከ 1923ቱ ቅስት ባለው 90 ዓመት ገደማ የበሩ ፊት ዞሯል። ኬላው መጪውን ይመረምር ነበር፤ ቅስቱ ግን በመጪው ሊመረመር የቆመ ነው። ለውጡን ያመጣው ውበት መውደድ ብቻ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። «ሠልጥናለች ወይስ አልሠለጠነችም» የሚለው የአውሮፓ ጋዜጦች ክርክር የነጻነቷ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ጎጆ የሚከልለው አጥር በዚህ ዐይን ሲታይ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው። ይህን ማለት አጥሩን ማጽደቅ አይደለም፤ ያጠሩት ሰዎች ከምን ፍርሃት ተነሥተው እንዳጠሩት መረዳት ነው።

ፍርሃታቸው ከንቱ እንዳልነበረ በስድስት ዓመት ውስጥ ታየ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የወራሪው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ በመንዝና በይፋት መካከል ያለው የጣርማ በር ገደል ዋናው እንቅፋቱ ነበር። በስዊድናዊው ሻምበል ታም የተመሩ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች በሩን ሊከላከሉ ወጥተው ነበር፤ የታሰበው መከላከል ግን ሳይሠምር ቀረ። መንገዱ ግን ፈርሶ ነበርና ኢጣሊያኖቹ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሲጠግኑ አንድ ቀን ተኩል ያህል ቆመዋል። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ወዲያው ካነሧቸው ነገሮች አንዱ በንግሡ ዋዜማ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት ነው።

ከዚያ በኋላ በጣርማ በር የሠሩት ሥራ ዛሬም አለ። ተራራውን ሰንጥቀው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ከፈቱ፤ መንገደኛው እስከ ዛሬ የሙሶሎኒ ዋሻ ይለዋል። ዋሻው የተቆፈረው ጦርና ስንቅ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አስመራ እንዲመላለስ ነው። በዙሪያው ባለው የመንዝ፣ የቡልጋና የመርሐ ቤቴ ደጋ ላይ የራስ አበበ አረጋይና የሌሎች አርበኞች ውጊያ አምስቱን ዓመት ሙሉ አልበረደም፤ መንገዱም ከዚያ ውጊያ ተለይቶ የሚታይ ሥራ አልነበረም። ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው መንገድ የሚነሣው ከዚያው ከጣርማ በር አካባቢ ነው። ስለዚህ ለመንዝ ሰው ትልቁ የመግቢያ በር ማዘጋጃ ቤት ያላቀደው፣ ምክር ቤት ያልመከረበት፣ ወራሪ ለራሱ ብሎ ያበጀው ሆኖ ቀረ። አገልግሎቱ ግን ለሁሉም ተረፈ፤ የወሎ እህል ጫኝም፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴም ያልፍበታል።

ከነጻነት በኋላ የከተማ ነገር በሕግ ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በከንቲባ፣ የቀሩትን ከተሞች በከተማ ሹም ሥር አደረገ፤ በምክር ቤቶቹም የመንግሥት ሹማምንትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች እንዲቀመጡ ወሰነ። የቤት ተከራይ በዚያ ወንበር የለውም። ስለ መንገድ ዳር የሚመክረው በመንገዱ ዳር ቤት ያለው ሰው ነበር ማለት ነው። ፕላኖቹም ተከታተሉ፤ በ1940ዎቹ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት ፈረንሳዊው ደ ማሪየን። የቸርችል መንገድ ላይ ከኢጣሊያዊው መዘዲሚ ማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር ቁልቁል የሚታየው ቀጥታ መስመር የዚያ ዘመን ዐሳብ ነው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ በግንቦት 1955 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እንግዳው ከአውሮፓ ልዑል ወደ አፍሪካ መሪ ተቀየረ። መንገድ የማሳመሩ ልማድ ግን ሳይቀየር ቀጠለ።

ልማዱ ጫፍ የደረሰው በመስከረም 1977 ነው። ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበርና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን ለማወጅ ሲነሣ ዝግጅቱን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ አካሄደው። በየመንገዱ መፈክር የተጻፈባቸው ቅስቶች ቆሙ፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል በአብዮት አደባባይ ተሰቀለ፤ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ተተከለ፤ የደሃ ሰፈር ባለበት መንገድ ዳር እንደገና አጥር ታጠረ። የወጪው ግምት ከጸሐፊ ጸሐፊ ቢለያይም ብዙዎቹ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያደርሱታል። በዚያው ወር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበረው ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጣ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ባለሥልጣናቱ ከበዓሉ በፊት ስለ ረሃቡ መስማት እንዳልፈለጉ ይተርካል። ዳዊት ራሱ የዚያ መንግሥት ሹም ነበርና ምስክርነቱ ራሱን ነጻ ከማድረግ ፍላጎት ጋር ተመዝኖ መነበብ አለበት። ነገር ግን ለበዓሉ የመጡት የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይጓዙ መከልከላቸውን ሌሎችም መዝግበውታል። ዓለም የኮረምን ሰቆቃ በቢቢሲ ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። ያ የሰሜን መንገድ በጣርማ በር ዋሻ የሚያልፈው መንገድ ነው። አንዱ ጫፍ በቅስት አጊጦ ሌላው ጫፍ በኬላ ተዘግቶ የታየበት ዘመን ቢኖር ይኸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ጌጥ ምን ተረፈ? ቅስቶቹ ወረዱ፤ የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ከቆመበት ተነቀለ። የትግላችን ሐውልት ቆሟል። የተደለደለው መንገድና የተቀመጠው ጠርዝ ድንጋይ እያገለገለ ነው፤ የ1923ቱም አጥር ሲጠፋ የተነጠፈው መንገድ ቀርቷል። ለእንግዳ ዐይን የተሠራው ከእንግዳው ጋር ሲሄድ፣ ለእግር የተሠራው መቆየቱ በሦስትም በአራትም ዘመን ተደጋግሞ ይታያል።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ በከንቲባ አዳነች አቤቤ ጊዜ፣ የኮሪደር ልማት ብሎ የጀመረው ሥራ በዚህ ሚዛን ሲታይ ድብልቅ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ ከመሬት በታች የተቀበረ የኤሌክትሪክና የቴሌ መስመር፤ እነዚህ ከቀደሙት ዘመናት በተለየ ለእግረኛ የተሠሩ ናቸው፣ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። በሌላ በኩል ግን የደሃውን ሰፈር በአጥር መሸፈኑ ቀርቷል፤ ቤቱ ራሱ ይነሣል። በፒያሳ ዕድሜ የጠገቡ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ በ2017 መግቢያ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀመር ካዛንቺስ ተከተለ። ሌሊትና ቀን የሚሠራበት ፍጥነት የመንግሥት ኩራት ሆነ። በሚያዝያ 2017 አምነስቲ ኢንተርናሽናል በግዳጅ የተነሡ ነዋሪዎችን ጠይቆ ባወጣው መግለጫ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። በ1923 ለተከለለው ጎጆ ባለቤት ክልሉ ውርደት ቢሆንም ማታ የሚገባበት ቤት ነበረው። የ2016ቱ ተነሺ ምትክ ቤት ቢያገኝ እንኳ እድሩን፣ ደንበኛውንና የልጁን ትምህርት ቤት ትቶ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል።

ሥራው ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃንም ጀምረዋል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚያው በሰሜኑ መንገድ ላይ ስለተዘረጋች ዋናው ጎዳናዋ የከተማው መንገድም የአገር አቋራጩም ነው። ከደሴ የመጣ የጭነት መኪና፣ ከመንዝ በግ የሚነዳ ገበሬ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና ተማሪ አንድ አስፋልት ይጋፉበታል። የእግረኛ መንገድ እንደዚህ ባለ ከተማ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የሰሜን ሸዋን መንገዶች በተደጋጋሚ ዘግቷል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን መድረስ ራሱ ጭንቅ በሆነበት ጊዜ፣ በከተማው መግቢያ የሚቆም «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ የሚያነበው ሰው ያነሰ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማዋ መጠለያዎች ዓመታት ያሳለፉት ወገኖችም በዚያው በር የገቡ እንግዶች ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከርና ካሳ ከተከፈለው በኋላም የመልቀቂያ ጊዜ እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር። በ2016 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የካሳውን ክፍያ ሸክም ወደ ክልሎችና ከተሞች አዛወረው። የደብረ ብርሃን ምክር ቤት ስለ መብራት ምሰሶና ስለ ንጣፍ ድንጋይ ሲመክር፣ ካሳው የሚከፈለው ከራሱ ካዝና ነው፤ የሚነሣው ባለሱቅም በ1937ቱ ምክር ቤት ወንበር ያልነበረው ተከራይ ሊሆን ይችላል።