ለመኪና ጥልፍ የሚስማማውን መርፌ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

ለሲግድ ወይም ለሰርግ የሚለበስ ነጭ ቀሚስ በመኪና ሲጠለፍ ክሩ እየተበጠሰ፣ ስፌቱ እየዘለለ ወይም ጨርቁ እየተበሳሳ ካስቸገረ፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው መኪናውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው መርፌው ላይ ነው። መርፌ ለጥልፍ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው። በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ሸማ ግን ድሩ ወይም ማጉ አንዴ ከተቆረጠ ወደ ነበረበት አይመለስም።

መርፌ ሲመረጥ ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መልስ ማግኘት አለባቸው። መኪናው የሚቀበለው መርፌ የትኛው ነው? የሚጠለፈው ጨርቅ ምን ዓይነት ነው? የሚጠለፍበት ክርስ ምን ያህል ወፍራም ነው?

መጀመሪያ መኪናው

ለቤት የሚሆኑ አብዛኞቹ የስፌትና የጥልፍ መኪናዎች 130/705 ኤች የሚባለውን መርፌ ይጠቀማሉ። የዚህ መርፌ ላይኛው ክፍል በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። ብዙ መርፌ ያላቸው የፋብሪካና የሱቅ ጥልፍ መኪናዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ክፍል ሙሉ ክብ የሆነውን ዲቢ-ኬ5 የሚባለውን መርፌ ይወስዳሉ። ሁለቱ አይተካኩም። የማይሆነው መርፌ ገብቶ ቢጠብቅ እንኳ ከታች ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ጋር በትክክል አይገናኝም፤ ስፌት ይዘላል ወይም መርፌው ይሰበራል። መኪናው የሚቀበለው የመርፌ ዓይነት በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በእስራኤል ሱቆች መርፌ «ማሃት»፣ ጥልፍ ደግሞ «ሪቅማ» ይባላል። ስለዚህ ሻጩን «ማሃት ለሪቅማ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የመኪናውን ዓይነት መንገር ወይም አሮጌውን መርፌ ይዞ መሄድ ደግሞ ስህተትን ይቀንሳል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በመርፌ ማሸጊያ ላይ እንደ 75/11 ያሉ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው የመርፌውን ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይገልጻል፤ 75 ማለት 0.75 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ አቆጣጠር ነው። በሁለቱም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይወፍራል።

ለተለመደ ጥልፍ 75/11 መነሻ ነው። ለስስ ጨርቅና ለጥቃቅን ፊደላት 65/9 ወይም 70/10 ይሻላል። ለጂንስ፣ ለወፍራም ጨርቅና ለወፍራም ክር 90/14 ይመረጣል። ሽሜትስ የሚባለው የጀርመን ድርጅት በሚሠራቸው የጥልፍ መርፌዎች አናት ላይ ቀይ መስመር አለ። ከሥሩ ያለው መስመር ሮዝ ከሆነ መርፌው 75፣ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ 90 ነው። መርፌው ከማሸጊያው ወጥቶ ሲቀላቀል ይህ ምልክት ይጠቅማል።

ጫፉ ከጨርቁ ጋር

• ሹል ጫፍ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅን በቀጥታ ይወጋል። ለሳቲን፣ ለሸራና ለጥቅጥቅ ፖሊስተር ተስማሚ ነው።
• ድቡልቡል ጫፍ የጨርቁን ክር ሳይቆርጥ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ለካናቴራ፣ ለሹራብና ለሚለጠጥ ጨርቅ ሁሉ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሹል መርፌ እነዚህን ጨርቆች ሲወጋ ክራቸውን ሊቆርጥ ይችላል፤ ቀዳዳው ከታጠበ በኋላ ይሰፋል።
• ለቤት መኪና የሚሸጠው የጥልፍ መርፌ ጫፉ በጥቂቱ ብቻ የደበለበለ ነው። ዓይኑም፣ ማለትም ክሩ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከተራ መርፌ ይሰፋል።
• የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ስለት ይቆርጣል። ለእውነተኛ ቆዳ ብቻ ነው፤ በሸማ ላይ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ክሩና የመርፌው ዓይን

በጥልፍ ጊዜ አንዱ የክር ክፍል ጨርቁ ላይ ከመቀመጡ በፊት በመርፌው ዓይን ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ዓይኑ ከጠበበ ክሩ ይፋጭና ይላጣል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል።

በክር ላይ ያለው ቁጥር ከመርፌ ቁጥር በተቃራኒ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። በብዛት የሚሠራበት 40 ቁጥር ክር ከ75/11 መርፌ ጋር ይሄዳል። ቀጭኑ 60 ቁጥር ከ65/9፣ ወፍራሙ 30 ቁጥር ደግሞ ከ90/14 ጋር ይስማማል። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የሚወደደው ወርቃማና ብርማ ክር በቀላሉ የሚላጥ በመሆኑ ዓይኑ ሰፊና ረዘም ያለ፣ 80/12 ወይም 90/14 የሆነ መርፌ ይፈልጋል። የመኪናውን ፍጥነት መቀነስም ይረዳል።

ቀላል መፈተኛ አለ። ያልተገጠመ መርፌ ላይ ክሩ ይገባና በሁለት እጅ ወጠር ተደርጎ አንዱ ጫፍ ከፍ ይላል። መርፌው በራሱ ተንሸራቶ ከወረደ ዓይኑ ለክሩ ይበቃል፤ ከተያዘ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መርፌ ያስፈልጋል።

በሸማ ላይ ሲጠለፍ

ጥበብና ጥልፍ አንድ አይደሉም። ጥበብ ሸማኔው ጨርቁን ሲሠራ አብሮ የሚሸምነው ነው፤ ጥልፍ ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ነው። ሸማ ሳሳ ብሎ ስለሚሸመን ወፍራም መርፌ ክሮቹን አራርቆ ቀዳዳውን ያሳያል። በጣም ሹል መርፌም በእጅ የተፈተለውን ለስላሳ ክር ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ በ75/11 የጥልፍ መርፌ መጀመር ይበጃል። ጨርቁ በጣም ስስ ከሆነ ወደ 70/10 ዝቅ ይባላል።

መርፌ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሸማው ሥር ደጋፊ ንጣፍ መደረግ አለበት። ከላይ በውሃ የሚሟሟ ስስ ንጣፍ ቢጨመር ጥልፉ በጨርቁ ውስጥ አይሰምጥም። ቀሚሱ ከመነካቱ በፊት ከዚያው ሸማ በተረፈ ቁራጭ ላይ የጥልፉን ትንሽ ክፍል መሞከር ይገባል። ቁራጭ ከሌለ ተመሳሳይ ስስ ጥጥ ይጠቅማል።

መርፌ መቼ ይቀየራል?

የተለመደው ምክር መኪናው 8 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መርፌውን መቀየር ነው። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚወጋ መኪና በዚህ ጊዜ 288,000 ጊዜ ይወጋል። ቲታኒየም የተቀባ መርፌ ከዚህ የበለጠ ይቆያል። ከሰዓቱ በፊትም ቢሆን የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ መርፌው መውጣት አለበት፦

• ጨርቁን ሲወጋ «ጧ፣ ጧ» የሚል ድምፅ ማሰማት
• ክሩ ደጋግሞ መላጥና መበጠስ
• ስፌት መዝለል
• ጨርቁን እየጎተተ መስመር ማውጣት

መርፌው መጉበጡን ለማወቅ ጠፍጣፋ ጎኑን መስታወት ላይ አስተኝቶ በብርሃን ማየት በቂ ነው። ከመርፌው ሥር ያለው ክፍተት ወደ ጫፉ አንድ ዓይነት ካልሆነ መርፌው ጎብጧል።

ሲገጠም

መኪናው በቅድሚያ ይጠፋል። በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ጠፍጣፋው ጎን ወደ ኋላ ዞሮ፣ መርፌው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠብቃል። በክብ መርፌዎች ረጅሙ ቦይ ወደ ፊት፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ደግሞ ወደ ኋላ መሆን አለበት። መርፌ ከተሰበረ ቁርጥራጩ ሁሉ ተፈልጎ መገኘት አለበት። መኪናው ውስጥ የቀረ ስባሪ መንጠቆውን ያበላሻል፤ ልብስ ውስጥ የቀረም ለባሹን ይወጋል።

ክር ሲበጠስ የክሩን ውጥረት ከማጥበቅና ከማላላት በፊት ክሩን እንደገና ማስገባትና አዲስ መርፌ መሞከር ይቀድማል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ በዚሁ ያበቃል፤ ቀሚሱም ከጉዳት ይተርፋል።