ከመተማ ሐሩር እስከ ስሜን ውርጭ

የመተማ ስም በተነሣ ቁጥር ወደ አእምሯችን የሚመጣው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነትና በዚያው ቆስለው ያረፉት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መሥዋዕትነት ነው። የሚገባም ነው። ይሁን እንጂ መተማ የጦር ሜዳ ብቻ ሳትሆን የአንድ ታላቅ አቀበት ግርጌም ናት። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከዚህች የጠረፍ ከተማ ተነሥቶ በገንዳ ውሃ፣ በአይከልና በአዘዞ አድርጎ ጎንደር የሚገባ፣ ከዚያም በዳባትና በደባርቅ በኩል ስሜን የሚወጣ መንገደኛ ቆላን፣ ወይና ደጋን፣ ደጋንና ውርጭን በተርታ ይረግጣል። አባቶቻችን የአገሩን አየር በከፍታ ሲከፍሉ ከሁሉ በላይ ያለውን ክፍል ሌሊት ሣሩን በሚያነጣው ብርድ ስም ጠሩት። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በመተማና ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን መካከል ያለው ልዩነት 3,800 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ የሁለቱ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ይራራቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የስሜን ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ይህ ብርድ በታሪክ መዝገብ የሠፈረው ዛሬ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዱሊስን የጎበኘው ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ ገልብጦ ያቆየልን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ከወንዝ ማዶ ያሉትን የስሜን ሰዎች እንደወጋ ይናገራል። በዚያም ተራራው በበረዶና በውርጭ የተሸፈነ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም እንደነበረ ይገልጻል። እንግዲህ በአገራችን ስለ ብርድ ከተጻፉት ጥንታውያን ቃላት አንዱ የወታደር ቃል መሆኑ ነው።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ግን ይኸው ነገር አከራካሪ ሆነ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በሊማሊሞ አቀበት በኩል ጎንደር ገባ፤ በ1764 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው በመተማ አካባቢ ቆላ አድርጎ ወደ ስናር ወረደ። አቀበቱንም ቁልቁለቱንም በእግሩ የሚያውቅ ይህ ሰው በስሜን ላይ በረዶ መኖሩን ካደ። በ1802 ዓ.ም. ትግራይን የጎበኘው ሄንሪ ሶልት ግን የስሜን ተራሮች በረዶ ለብሰው ማየቱን ጽፎ ተቃወመው። የስሜን በረዶ ጥሎ የሚቆይ ሳይሆን ፀሐይ ሲመታው የሚቀልጥ በመሆኑ፣ አንዱ መንገደኛ ያየውን ሌላው ላያየው ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክርክሩን ሊፈታ ይችል የነበረው የስሜን እረኛ በክርክሩ ውስጥ ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው።

የእረኛው ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሆን በልብሱ፣ በስንቁና በጨዋታው ተጽፏል። የገናን ጨዋታ እንመልከት። ወቅቱ ብርዱ የሚጠነክርበት ታኅሣሥ ነው። ወጣቱ ቆልማማ ዱላውን ይዞ ጥንጓን ሲያሳድድ ጋቢውን ያኖራል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ላቡ ሳይበርድበት መልሶ ይደርባል። በዚህ ትንሽ ልማድ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ፤ በብርድ አገር ሰውን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ ሲታከሉበት ነውና። ጥጥ የቆላ ጸጋ ነው፤ መተማም በጥጧ ትታወቃለች። ነገር ግን ጥጥ ላብና ዝናብ ከጠጣ ሙቀት መያዙን ይተዋል። የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ያሞቃል። ደገኛው ባናና የጠጉር ቆብ የሚለብሰው ለጌጥ አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮም ቢሆን ሌሊቱን በገደል ውስጥ አድሮ ማለዳ ሲወጣ አስቀድሞ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ዘሎ ወደ ግጦሽ አይገባም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከተቋቋመና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ከሆነ ወዲህ፣ የእረኛው መንገድ የመዝናኛም መንገድ ሆኗል። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጅባራን በአገሩ ማየት ለቆላው ወጣት ከማንኛውም የሥዕል መጽሐፍ የበለጠ ትምህርት ነው። ስለዚህ ሰላም በሆነ ጊዜ ተማሪዎቹን ይዞ የሚወጣ መምህር አስቀድሞ ሊያስተምራቸው የሚገባ ነገር አለ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ከመተማ ተነሥቶ በጥድፊያ ከፍታ ላይ ማደር አይበጅም፤ በጎንደርና በደባርቅ እያደሩ ሰውነትን ማለማመድ ይገባል። ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም፤ ካልተሻለውም ወደ ታች ይውረድ። ሙቀት በሚጨምርና በሚቀንስ መጠን ልብስ መደራረብና መቀነስ፣ ለሌሊት ደረቅ ልብስ ማስቀረት፣ በሶና ቆሎ መያዝ ግዴታ ነው። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ማታለያ ነው፤ ደምን ወደ ቆዳ ስቦ የውስጡን ሙቀት ያባክናል። በተዘጋ ድንኳን ወይም ክፍል ከሰል ማንደድ ደግሞ ሽታ በሌለው መርዝ ተኝቶ አለመነሣትን ያስከትላል። የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሱ የሚተሳሰርና እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ጓደኛ ካለ ከነፋስ ከልሎ፣ እርጥብ ልብሱን አውልቆ፣ በደረቅ መጠቅለል፣ አእምሮውን ካልሳተም ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት ያስፈልጋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ አደጋው ባሰ እንጂ አልቀለለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ብርድን መጠንቀቅ ፈሪነት አይደለም፤ የመዝናናቱ ግማሽ ነው። የአክሱም ንጉሥ ስሜንን ለማስገበር ወጣ፤ ብሩስና ሶልት ለመመርመር መጡ። የእኛ ትውልድ ለመማርና ለመደሰት ሲወጣ ግን ከፊቱ የሚያስቀድመው መሪ ባናውን የደረበውን እረኛ ሊሆን ይገባል። የእረኛው ዕውቀት ሳይጠፋ በትምህርት ቤት፣ በመድረክና በብዕር ቢዘከር፣ የመተማ ልጅ የስሜንን ውርጭ አይቶ በደኅና ወደ ሐሩሩ ይመለሳል።